መሸሻዋ ታች ነው

አርዲቦ ሲነጋ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣
ፊላው ሥር ትታያለች፣ ከውሃው ከንፈር ጫፍ፤
ከወገቧ በታች ሰጥማ የምትኖር፣
ጭራዋን እንደ ማጭድ ሽቅብ የምትወጥር።
ባሏ ላባው ቀይ ነው፣ ሸክላ የመሰለ፣
መንቆሩ ከሰማይ ተቆርሶ የተተከለ።
መጽሐፍ ምን እንዳላት እኔ አላውቀውም፣
እኛ "ጠላቂት" ነው የምንላት፣ ሌላ ስም የላትም።

ሌሎቹ ዳክዬዎች ኮሽታ ሲሰሙ፣
አንከርካን ተከትለው ወደ ሐይቅ ሲተሙ፣
እሷ መብረር ትታ ትጠልቃለች ታች፤
ክንፍ እያላት እንኳ ውሃን አመነች።

መረብ ስጥል ከርሜ ዐሥራ አንድ ዓመቴ፣
ቆሮሶ ነው ንግዴ፣ አምባዛ ነው ራቴ።
ቡሽ የለኝም፤ ከላይ የጄሪካን ቁራጭ፣
ከታች የወንዝ ድንጋይ፣ ዝም ብሎ ተቀማጭ።
ፊላው ዳር ነው ዓሣው የሚያድረው በጥቅምት፣
እሷም እዚያው ጎጆ፣ እዚያው ጫጩት አላት።

አንድ ማለዳ ነው፣ ቢስሚላህ ብዬ ስስብ፣
ከበደኝ። ዓሣ ነው አልኩ፣ ደስ ብሎኝ በልብ።
ሲወጣ ግን ላባ።
ክሩ አንገቷ ላይ ሁለት ዙር ዞሮ፣
ዓይኗ ክፍት፣ እግሯ ገና እንደሚቀዝፍ ተዘርግቶ።
ከዚያ ሌላ። ከዚያም ሌላ።
አራት።
አንዱ ባል ነው፤ የመንቆሩ ሰማይ
እንደታጠበ ጨርቅ ደብዝዟል።

አያ እንድሬ ፊላ ሲያጭድ አየኝና መጣ፣
"ነፍስ ካላት ልረዳት" ብሎ ቢላ አወጣ።
ዳሰሳት። "ቀዝቅዛለች። ሳትታረድ የሞተች፣
ለእኛ ሐራም ናት" አለ።
ጌጤነህ ከዳር ሆኖ፦ "ለእኛማ ድሮም አትበላ፣
አሁን ደግሞ በክት ነች።"
በአንድ ወፍ ሬሳ ላይ ሁለት ሃይማኖት
ያለ ክርክር ሲስማማ አየሁ፤
እኔ ግን አፈርኩ።
ለድስት ያልሆነ፣ ለገበያ ያልሆነ፣
ማንም ያልጠገበበት ሞት
በእጄ ነው የሆነ።

ሰኪና ልጄ ናት፣ ስድስተኛ ክፍል፤
የሒሳብ ደብተሯ ጀርባው ወፍ ብቻ ነው።
ጥቅምት፦ ዐሥራ ዘጠኝ። ኅዳር፦ ዐሥራ ሦስት።
"አባዬ፣ ለምን አልበረሩም?" አለች።

ምን ልበላት?
በዚያ በከፋው ዓመት፣ ተኩሱ ሲጠጋን፣
መኪና ያገኘ ሸዋ ተሻገረ፤
እኛ የማሽላ ጉድጓድ ገባን፣
ክዳኑን ከላይ ሳብን፣ ትንፋሽ ቆጠብን።
አንቺም አፍሽን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ነበር፣ ሰኪና።
ሁሉም አይበርም። አንዳንዱ ታች ነው መሸሻው።
እኛን አላህ ጠበቀን፤
በጉድጓዳችን አፍ ላይ
መረብ የጣለ አልነበረም።

አሁን ከፊላው ሃምሳ ክንድ አርቄ እጥላለሁ።
ዓሣው ቀንሷል።
ጦይባ ቅርጫቱን እያየች፦
"ሐራሟን ወፍ ብለህ ሐላሉን ዓሣ ተውክ!"
መልስ የለኝም፤ እውነቷን ነው።
ደግሞስ የእኔ ሃምሳ ክንድ ምን ያደርጋል?
ማዶ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ
ሐይቁን ለሽንኩርት ሲያጠጣ ያድራል፤
የፊላው እግር ደረቅ ጭቃ ላይ ቆሟል፣
አያ እንድሬ ጫማውን ሳያወልቅ ያጭዳል።

ዛሬ ግን ጉሙ ሲነሣ
ሰኪና ታንኳው አፍንጫ ላይ ተቀምጣ ትቆጥራለች።
"ስድስት" አለች። ልትጽፍ ነበር፤ ተወችው።
"ሰባት ነበሩ፣ አንዷ ጠልቃለች።"
እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ በላይ ይዛ
ፊላው ሥር ታያለች።
ውሃው ዝም ብሏል።
እኔም መቅዘፌን ትቼ፣
እንደዚያን ጊዜው፣
ትንፋሼን ይዣለሁ።